የአልማዝ ባለጮራ

አልማዝ የምትባል ሚስት ያለው ሰው አፉን እየጠበቀ መናገር እንዳለበት ያወቅሁት በተጋባን በዘጠኝ ዓመታችን ነው። ስሙ ምንም ነውር የለበትም፤ የከበረ ድንጋይ ነው። ክፋቱ አገራችን አንድ በሽታ አምጥታ በዚሁ ስም መጥራቷ ነው። አልማዝ ባለጭራን የማያውቅ የለም። ቆዳ ላይ እንደ እሳት እየፈላ፣ በጎን በኩል ጭራውን እየጎተተ የሚሄደው ነው። ወገብን ዞሮ ራሱና ጭራው የተገናኙ ዕለት የታማሚው ነገር አበቃ ይባላል። ሐኪሞች ይሄ ከንቱ ወሬ ነው ይላሉ። እኔ ሐኪሞችን አምናለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ግን ከእኔ ሌላ የሚያምናቸው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ጤነኛ ስሆን ነው የማምናቸው።

ነገሩ የሆነው በዚያ በማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው። የምኖረው ቡራዩ፣ ሥራዬ አማርኛ ማስተማር። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ሱሉልታ ላይ ሊያገባ ቀን ተቆርጧል። አልማዝ ለሠርጉ የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ያዘዘችው ሰበታ ከሚኖሩት ሸማኔ፣ ከጋሽ ወልዴ ነበር። እሳቸው ይሸምናሉ፣ ባለቤታቸው ይሰፋሉ። ልናዝ የሄድን ቀን አልማዝ ጥለቱን በጣቷ አየር ላይ እየሳለች፣

«ፀሐይ ፀሐይ የሚል ይሁንልኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ወልዴም «ገብቶኛል፣ ፀሐይ ያለበት» አሉ።

ሁለቱ ተግባብተው ነበር። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አስተማሪ ግን ሰዎች ተግባብተው ሲያይ ደስ አይለውም፤ በትክክለኛው ቃል ካልተግባቡ እንደተጣሉ ይቆጥረዋል። «ይቅርታ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «መካከል ላይ ያለው ክብ ነው ፀሐይ የሚባለው። ከክቡ ዙሪያ እንደ ጦር የሚወረወሩት ደግሞ ጮራ ይባላሉ። ጀንበር ስትወጣ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጥለት ትክክለኛ ስሙ ባለጮራ ነው።»

ጋሽ ወልዴ መልካም ሰው ናቸው። «እሺ መምህር፣ ባለጮራ ይሁን» አሉ። «እኛ ፀሐይ ስንለውም ይወጣል።»

አልማዝ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ አገሩ ታመሰ። የዙሪያው ገበሬ መሬት በፕላን ስም ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ተባለ፤ ወጣቱ ወጣ፤ ወታደር መጣ። መንገዱ ጠዋት በድንጋይ ይዘጋል፣ ከሰዓት ይከፈታል፣ በማግስቱ ደግሞ ይዘጋል። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። የሞተም፣ የቆሰለም፣ ታስሮ የት እንደገባ ያልታወቀም ነበር። ይሄን ሳልናገር ስለ ቀሚስ ማውራት ነውር ስለሆነ ነው የጠቀስኩት። ሠርጉ ይቅር ሲባል፣ ይደረግ ሲባል፣ በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች «ያለ ጡሩምባ፣ ያለ መኪና ሰልፍ፣ በጓሮ ይሁን» ብለው ቆረጡ። አልማዝ ለመደገስ ቀደም ብላ ሱሉልታ እናቷ ቤት ገባች። ለእኔ አንድ ሥራ ብቻ ሰጠችኝ፤ ቀሚሱን ከሰበታ አምጥቼ እስከ እሑድ ማድረስ።

ዓርብ ጠዋት ለጋሽ ወልዴ ልደውል ተነሳሁ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ እንደ ዘመድ ነበር፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ስትፈልጉት የለም። በእኛ ሰፈር የሚገኘው በኦቦ ቶለሳ አጥር ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ በአንድ እግር የቆማችሁ እንደሆነ ነው። ኦቦ ቶለሳ ጎረቤቴ ናቸው፤ እዚያው ተወልደው እዚያው የሸመገሉ ገበሬ። በዚያች ሰዓት ከአጥሩ ውስጥ ላማቸውን ያጠጣሉ። ፊት ለፊት ደግሞ እትዬ ዘነበች ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ ዘነበች ከጎጃም መጥተው ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ ስኳርና ሳሙና ያቀረቡ፣ ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር ወሬም አብረው የሚያቀርቡ ሴት ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱ የሰሙት የእኔን ወገን ብቻ ነው። በኋላ ቃል በቃል ስለደገሙልኝ እንዳለ ልንገራችሁ።

«ሃሎ ጋሽ ወልዴ! የአልማዝ ባለጮራ ወጣ ወይ? … ወጣ? እሰይ! የት የት ላይ ነው የወጣው? … ደረቱ ላይ? … ወገቡስ? ዙሪያውን ዞረ? … ጫፍና ጫፉ ገጠመ? ገጠመ! ተመስገን!»

እኔ ደግሞ ስልክ ሳወራ በእጄ ካላሳየሁ የሚሰሙኝ የማይመስለኝ ሰው ነኝ። «ደረቱ ላይ» ስል ደረቴን በጣቴ ዳስሻለሁ፤ «ዙሪያውን» ስል ወገቤን አዙሬአለሁ፤ «ገጠመ» ስል እምብርቴ ላይ ሁለቱን ጣቶቼን አጋጥሜአለሁ። ከዚያ ስልኩ ይቆራረጥ ጀመረ፤ እኔም ጮክ አልኩ።

«ከእሑድ ማለፍ የለበትም! ከእሑድ አያልፍም! በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠብቁኝ፣ ዛሬውኑ ወደ ሰበታ እመጣለሁ!»

ስልኩን ዘግቼ ፈገግ እያልኩ ጃኬቴን ከቤት አነሳሁና መንገዴን ጀመርኩ።

ኦቦ ቶለሳ ባልዲው ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ ዘነበች ሱቁን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«ሰምተውታል ኦቦ ቶለሳ? አልማዝ ባለጭራ! ዞሮ ገጥሟል!»

«ያ ዋቃ! ሲያወራ አይቼዋለሁ፣ በእጁ አሳይቷል» አሉ ኦቦ ቶለሳ። «እየሳቀ እኮ ነው የሄደው።»

«ስቃዩ አእምሮውን ነክቶት ነው እንጂ ማን ሞቱን እየሳቀ ይነግራል?»

ከሰበታ ማዶ የዚህን በሽታ መድኃኒት የሚያውቁ አንዲት ሴት እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «ሰበታ እሄዳለሁ» ማለቴ ተተረጎመ፤ መድኃኒት ፍለጋ። ኦቦ ቶለሳ እዚያችው ድንጋይ ላይ በሰባ ዓመታቸው በአንድ እግር ቆመው ደወሉ። የኦቦ ቶለሳ ዘመድ የሌለበት መንደር የለም። ለአስኮው እህት ልጅ፣ ለዓለም ገናው ወንድም ልጅ፣ «ቡኒ ጃኬት የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ አስተማሪ ጎረቤቴ ታሞ ይመጣል፣ በመንገድ እንዳታስቆሙት፣ ልጆቻችሁንም ንገሩ» አሉ። እትዬ ዘነበች ደግሞ በተራቸው ድንጋዩ ላይ ወጥተው ሱሉልታ ለአልማዝ ደወሉ። «ባልሽ… አልማዝ ባለጭራ… ዞሮ ገጥሞ… ከእሑድ አያልፍም… በነጭ ጨርቅ…» እንዳሉ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ኔትወርክ አልነበረም።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳላውቅ አስኮ መውጫ ደረስኩ። መንገዱ በግንድ ተዘግቷል። ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ወደ መጣሁበት ልመለስ ስል አንዱ «እሱ ነው፣ አስተማሪው» አለ፤ ሁሉም ወደ ዳር ሸሹ። ሁለቱ ግንዱን አነሱልኝ! ለእኔ! ለእግረኛ!

«ያምዎታል እንዴ ጋሼ?» አለኝ አንዱ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ።

«በዚህ ጊዜ ያላመመው ማን አለ ብለህ ነው ልጄ?» አልኩት በቁም ነገር።

አንገቱን ደፋ። «እግዚአብሔር ይማርዎት» አለ።

ከከተማው መሀል በታክሲ አልፌ አየር ጤና እስክደርስ ድረስ ልቤ አብጦ ሊፈነዳ ነበር። የመምህርነት ሙያ ተናቀ እያልኩ ስንት ዓመት አማርሬአለሁ! ለካ ሕዝቡ በልቡ ያከብረን ኖሯል። እውነቴን ነው፣ በኪሴ እርሳስ ስለነበረ ለሠርጉ ንግግር የሚሆን ነጥብ ሁሉ ጽፌአለሁ።

ዓለም ገና መግቢያ ላይ ከጎማ የሚወጣ ጭስ አለ። አፉን በሻርፕ የሸፈነ ረጅም ወጣት ወደ እኔ መጣ።

«የኦቦ ቶለሳ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ባለጭራው?»

በዚህ ዓለም ላይ ሰው ዝም ማለት ካለበት ቦታ አንዱ የሚነድ ጎማ አጠገብ ነው። እኔ ግን ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም። «ባለጭራ አይደለም ወንድሜ» አልኩት። «ባለጮራ! ጭ ሳይሆን ጮ! በሳድስ ሳይሆን በሳብዕ። ጨ፣ ጩ፣ ጪ፣ ጫ፣ ጬ፣ ጭ፣ ጮ። በል ድገመው።»

ወጣቱ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። በኦሮምኛ ቀስ ብሎ የተናገረው ይገባኛል፤ «መቃዠት ጀምሯል፣ ጋሪ አምጡ» ነው ያለው።

ጋሪ መጣ። አራት ሆነው አንስተው ጋሪው ላይ አስተኙኝ። ልነሳ ስል «ይረጋጉ ጋሼ፣ ደርሰናል» ይሉኛል። ድንጋዩን እየገለበጡ ለፈረሱ መንገድ ከፈቱ። ጋሽ ወልዴ ቤት የሚያደርሱኝ መስሎኝ ነበር፤ ጋሪው ግን ሰበታን አልፎ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ከአንድ የሣር ክዳን ቤት ደጃፍ ቆመ። ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው ሸካራ የሆነ ሴት ወጡ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ባለመድኃኒቷ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አሉኝ።

«እናቴ፣ እኔ የመጣሁት ቀሚስ ልወስድ ነው።»

«እሺ፣ ቀሚሱን ትወስዳለህ። መጀመሪያ አውልቅ።»

ሦስት ወጣቶች በር ላይ ቆመው እያዩኝ አወለቅሁ። አዴ ጫልቱ በቀንድ ውስጥ ካለ ጥቁር ቅባት በጣታቸው ዛቁና፣ ዓይናቸው ስለሚደክም ሳያዩ፣ «ዞሮ ገጥሟል» በተባሉት መሠረት ወገቤን ዙሪያውን ቀቡት። ሽታው የሞተ አይጥና ነጭ ሽንኩርት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው በቅርብ ተመለከቱ። ደግመው ተመለከቱ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ባለጭራው!»

«ጋሽ ወልዴ ዘንድ ነው» አልኩ።

አዴ ጫልቱ ደረታቸውን መቱ። «አስተላለፍክበት?!»

አንዱ ወጣት ጋሽ ወልዴን ሊያድን ሮጠ። ብዙ ሳይቆይ ጋሽ ወልዴ ላብ አጥምቋቸው፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ገቡ። ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጋሽ ወልዴ ማን እንደሞተ እየጠየቁ ጨርቁን ፈቱት፤ ቀሚሱ ተዘረጋ። ደረቱ ላይ አንድ ትልቅ፣ ወገቡ ዙሪያ ደግሞ ትንንሽ ወርቃማ ክቦች፤ ከእያንዳንዱ ክብ አሥራ ሁለት ጮራ ይወረወራል። በዚያች ጨለም ያለች ቤት ውስጥ የበራ መሰለ።

አዴ ጫልቱ ጥለቱን በጣታቸው ዳበሱና «ይሄማ ቢፍቱ ነው!» አሉ።

ቢፍቱ! የማለዳ ፀሐይ ከነብርሃኗ፣ በኦሮምኛ። ከማንም በሽታ ጋር የማይምታታ ቃል፤ ግማሽ ሕይወቴን ስሰማው የኖርኩት ቃል። ከዚያ እያፈርኩ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። «ጫፍና ጫፉ ገጠመ ወይ ብዬ ጠየቅሁ» ያልኩ ጊዜ ባለሻርፑ ወጣት መሬት ላይ ተቀመጠ። አዴ ጫልቱ ምሰሶውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁና ሳቁና ድንገት አቆሙ፤ ዕንባው ግን መውረዱን አላቆመም።

የአዴ ጫልቱን ልጅ ወታደሮች ከወሰዱት ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን የነገሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። የት እንዳለ አይታወቅም። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው ነው የማያውቁትን የሰው አገር ሰው «አውልቅ፣ ልቀባህ» ያሉት። ልሰናበታቸው ስል ለድካማቸው ምንም አልቀበልም አሉኝ።

«ገለቶማ» አልኳቸው፣ ሌላ ቃል አጥቼ። አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ያነሰ መሰለኝ።

«ልጄም ባለበት ቦታ እንዲህ የሚይዘው እጅ እንዲገጥመው ብዬ ነው» አሉ። «ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

ጋሽ ወልዴ ቤት አድሬ ቅዳሜ ማለዳ ቀሚሱን አቅፌ ወደ ሱሉልታ ተነሳሁ። ቅባቱ በውኃ አለቀቀም፣ በሳሙናም አለቀቀም። ከአዲሱ ገበያ በላይ ትራንስፖርት ስላልነበረ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ቁልቁለቱን ልጀምር ስል ከታች ከሱሉልታ በኩል ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ደረት ይመታሉ።

ሐዘንተኛ ነው። በእነዚያ ሳምንታት እንዲህ ያለ ሰልፍ ብዙ አይተናል። በመንገድ ሐዘንተኛ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ አዴ ጫልቱም ከልቤ አልወጡም ነበር። ዳር ላይ ቆሜ፣ ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ፣ አብሬ አለቀስኩ። ከልቤ ነው ያለቀስኩት። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ቀና ስል ከፊት የምትመጣው አልማዝ ናት። ከኋላዋ አማቴ፣ ከአማቴ ኋላ ነገ የሚያገባው ሙሽራ።

«አልማዝዬ! ማን ሞተብን?» አልኳት።

አልማዝ ቆመች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ በጥፊ መታችኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው ደግሞ እመሀል አስፋልት ላይ ሸሚዜን ገልባ ወገቤን አየች። ዙሪያውን ጥቁር! ጫፍና ጫፉ የገጠመ!

«እማዬ! ዞሯል! እውነት ነው፣ ዞሯል!»

አማቴ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ሙሽራው ያዛቸው። እኔ ከነተገለበ ሸሚዜ «ቅባት ነው! ቅባት ነው!» እያልኩ መሀላቸው እሽከረከራለሁ። ጨርቁን ፈትቼ ቀሚሱን ባላሳይ ኖሮ እዚያው ይቀብሩኝ ነበር። አልማዝ ሁሉንም ነገር ከሰማች በኋላ ቀሚሱን ደረቷ ላይ ለካችው። «ፀሐይ ፀሐይ የሚል ነበር ያልኩት» አለች። በትዳራችን ውስጥ ቃል ሳላርም ያለፍኩባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት።

እሑድ ሠርጉ በጓሮ ተደረገ። ሙሽሪት ከሦስት ቤት ማዶ በእግሯ መጣች። ከበሮ አልተመታም፤ እልልታውም በዝግታ ነበር፣ ጎረቤት ሐዘን ነበረና። ጽፌ የያዝኩትን ስለ መምህር ክብር የሚያወራ ንግግር አላነበብኩም። አልማዝ በዚያ ቀሚስ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች እንግዳ ስታስተናግድ አየኋት፤ በሕይወት ያለሁ መሆኔ በጣም ደስ አለኝ።

ሰኞ መንገዱ ሲከፈት ሁለታችንም ወደ ቡራዩ ተመለስን። ግቢያችን ተጠርጓል። ዶሮዎቼ በልተዋል። አጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ማንም እንዳይደፍረው ሰፈርተኛው ሦስቱን ቀን በየተራ ሲጠብቅልን ሰንብቷል። እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ እልል ብለው ለማርያም የተሳሉትን ጃንጥላ ሊሰጡ ተነሱ።

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ እኮ አልታመምኩም» አልኳቸው።

«ዝም በል!» አሉኝ። «የተሳልኩት እንድትድን ነው፤ ይኸው ደህና ነህ። ከዚያ በላይ የአንተ ጉዳይ አይደለም።»

የከበደኝ ኦቦ ቶለሳ ጋ መሄዱ ነበር። ሽማግሌ ሰው በአንድ እግር አስቁሜ፣ ዘመድ ሁሉ አስጨንቄ፣ ለምን? ለአንዲት ፊደል። በራቸውን አንኳኳሁ። ወጡ። ጎንበስ አልኩ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን አጥፍተህ?»

«ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አስቸገርኩ። አልታመምኩም ነበር፤ በስህተት ነው። የውሸት ነው።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ክንዴን ያዙኝ።

«ስማ መምህር» አሉ። «በዚህ ወር ስንት ቤት ለቅሶ እንደደረስኩ ታውቃለህ? ከሁሉም አንድ ሰው እንኳ ‹ውሸት ነው፣ ደህና ነኝ› ብሎ በእግሩ መጥቶ በሬን አላንኳኳም። አንተ ብቻ ነህ የመጣኸው። ይሄ ነው ይቅርታ የሚያስጠይቀው?»

ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ዞረው ለባለቤታቸው በኦሮምኛ «ምሳ ጨምሪ፣ ሰው መጥቷል» አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ።